ሦስተኛው ጥሪ

ጉም ሲወርድ ባለህበት ተቀመጥ፤ ስምህ ሲጠራ ሦስተኛውን ሳትሰማ አቤት አትበል። በሞላሌ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ምክር ከእናቱ ወተት ጋር ይጠጣዋል። ጥሩሸዋ ግን ከሌላው ሁሉ አጥብቃ ይዛዋለች። ለምን ቢሉ፣ ታናሽ ወንድሟን ትዕዛዙን የወሰደባት አንድ ጥሪ ነው።

ልጅ ሳለች ነው። ትዕዛዙ ከአባቷ ጋር ጓሳ ሣር ሊያጭድ በወጣበት ቀን ጉም ወረደ። አባትየው «አትነሣ፣ እኔው አጠገብ ተቀመጥ» ብሎት ነበር። ከማዶ አንድ ድምፅ «ትዕዛዙ!» ሲል ተጣራ። ልጁ ያቺን አንዷን ጥሪ እንደ ሰማ «አቤት!» ብሎ ተነሥቶ ወደ ድምፁ ሮጠ። በእሱና በድምፁ መካከል ገደል ነበረ። ማን እንደጠራው እስከ ዛሬ አልታወቀም። «ሰው ነው፣ የልጁን ሞክሼ ሲፈልግ ነው» የሚሉ አሉ። አሮጊቶቹ ግን ጋኔን ነው ይላሉ፤ ጋኔን አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ቢደፍር ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ሦስተኛው የሥላሴ ነውና አይሆንለትም።

ጥሩሸዋ አግብታ ልጆች ስትወልድ ያ ፍርሃት አብሯት ወለደ። ማታ በጎቹ ሲገቡ ባሏ በጎቹን ይቆጥራል፣ እሷ ልጆቿን ትቆጥራለች። ትልቋ ልጇ ጽናት ለአቅመ ሔዋን ደርሳ እንኳ ወፍጮ ቤት ስትላክ «ሦስተኛውን ሳትሰሚ…» ተብላ ነው ከደጅ የምትወጣው።

ሁለት ጓደኞች ነበሯት። በዛወርቅ እኩያዋ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ፣ እንዝርት ከእጇ የማይለይ። መስታወት ታናሻቸው ናት፤ በሞላሌ ገበያ ጨውና በርበሬ ትቸረችራለች፣ አፏ ግን ከበርበሬው ይብሳል። ሦስቱም የማርያም ማኅበርተኞች ናቸው። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍትም ሦስቱም ተመዝግበው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥሩሸዋ የማኅበሩ ሙሴ ነበረች። ሙሴ የማኅበርተኛው አለቃ ነው፤ ተነሡ ሲል ይነሣሉ፣ ተቀመጡ ሲል ይቀመጣሉ። ፊደል ቆጠራም ላይ ቀድማቸው ስለ ነበረ መስታወት «በሁለት በኩል ነገሠችብን» እያለች ታሾፍባት ነበር።

በዛወርቅ በዚህ ዓለም የቀራት የሥጋ ዘመድ አንድ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ዱባለ። በድርቁ ዘመን፣ ደርግ ሰዉን ለሰፈራ በመኪና ሲጭን፣ እሱም ከመሐል ሜዳ ተጭኖ ሄደ። እሷ ያን ጊዜ ሩቅ ቀበሌ ተድራ ነበርና ሳትስመው ቀረች። መንግሥት ተለወጠ፣ ብዙ ሰው ከሰፈራ ተመለሰ፣ ዱባለ ግን አልተመለሰም። ሞቷል ብለው እርም እንዳያወጡ፣ ሞቱን ያየ ሰው ጠፋ።

ከዚያ በአንድ የገና ሰሞን የመስታወት የአክስት ልጅ አስቻለው ለበዓል መጣ። አስቻለው ከጎሬ ወዲያ ካለው የጫካ አገር ቡና የሚጭን መኪና ሹፌር ነው።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ወንድምሽን አየሁት» አላት።

«ተው፣ በማርያም! በምን አወቅኸው?»

«ገበያ መሐል ሲሳደብ ሰማሁ። እንዲያ አድርጎ የሚሳደብ ከመንዝ ውጭ የለም። አገርህ የት ነው አልኩት፣ ሞላሌ አለኝ። ስምህስ አልኩት፣ ዱባለ አለኝ። እህቴ ትኖር ይሆን ብሎ የጠየቀኝ አንቺን ነው።»

በዛወርቅ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሥታ መሬቱን ሳመች። በማግስቱ የጥቁር በጎቿን ጠጉር አውርዳ መፍተል ጀመረች። ፈትላ ለሸማኔ ሰጠችና አንድ ወፍራም ዝተት አሠራች፤ ውርጭ የማያልፈው፣ ዝናብ የማያርሰው፣ ሁለት ሰው የሚያለብስ። ለመንዝ ሰው ከዚያ የበለጠ ስጦታ የለም።

ጥሩሸዋ ጉዞውን ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በዛወርቅ ብቻዋን በማታውቀው አገር! መስታወትም አብሬ ልሂድ ስትል ደግሞ ጭንቀቷ እጥፍ ሆነ፤ እሷ ቀልድ እንጂ መንገድ አታውቅም። በመጨረሻ «እኔም እሄዳለሁ፤ ማኅበርተኞቼን ለማንም አልሰጥም» አለች። ለጉዞው ግንቦትን የመረጠችውም እሷ ናት። ክረምቱ ሳይገባ፣ ወንዝ ሁሉ በሚደርቅበት ወር ይሻላል ብላ አሰበች። ግንቦት በሁሉም አገር ግንቦት መስሏት ነበር።

በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ አስቻለው መኪናው ላይ አሳፈራቸው። ጥሩሸዋ በመንገድ ያየችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። «የ…መ…ኪና ጥ…ገና። ሥ…ጋ ቤት።» ከከተማው ወጥተው ብዙ ከሄዱ በኋላ ጽሑፉ የማታውቀው ሆነና ዝም አለች።

«ሙሴ፣ ምነው ዝም አልሽ? ትምህርቱ አለቀ?» አለች መስታወት።

«ይሄ ሌላ ፊደል ነው።»

«እህህ! አንዱን ሳንጨርስ ሌላ መጣብን?»

«ኦሮምኛ ነው እትዬ፤ በቁቤ ነው የሚጻፈው» አለ አስቻለው እየሣቀ። «አይዟችሁ፣ የምትሄዱበት ጫካ ውስጥ ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለም።»

ዓርብ ማታ ጫካው አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ደረሱ። አስቻለው ቀደም ብሎ ለዱባለ መልእክት ልኮለት ነበር፤ ቅዳሜ እህትህ ወንዙ ዳር ትመጣለች ብሎ። አስቻለው ራሱ እስከ ሰኞ ቡናውን ይጭናል፣ ሰኞ ከሰዓት ይመለሳሉ። ማታ ሲለያዩ ደጋግሞ ነገራቸው።

«መንገዱ አንድ ነው፣ ቁልቁል ነው፣ ከወንዙ ሌላ የትም አያደርስም። ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ጉም ቢገጥማችሁ ዝም ብላችሁ ሂዱ፤ እዚህ አገር ጉም የዕለት እንጀራ ነው። ብቻ ቶሎ ውረዱ፤ ውኃው ከመጣ ታንኳው አይሻገርም።»

ጎሕ ሲቀድ ወደ ጫካው ገቡ።

እንዲህ ያለ ዛፍ አይተው አያውቁም። በእነሱ አገር ትልቅ ዛፍ ቢባል የቤተ ክርስቲያን ጽድ ነው። እዚህ ግን የአንዱን ግንድ ሦስቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢያቅፉት አይገናኙም። ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ሳይዘንብ ይንጠባጠባል። ከዛፎቹ ሥር ቡና ማንም ሳይተክለው እንደ አረም በቅሏል። ሙቀቱ ደግሞ ላብ በላብ ያደርጋል እንጂ ፀሐይ አይታይበትም። ዝተቱን ተራ በተራ እየተሸከሙ ወረዱ፤ ተራው የደረሳት ሁሉ ትቀቀላለች።

«እንዲያው በዙ፣» አለች መስታወት ጀርባዋን እያሸች፣ «ይሄን ለወንድምሽ የምትሰጪው አልብሰሽ ልትቀቅይው ነው? እዚህ አገር ሰው ቅጠል ለብሶ ይበቃዋል እኮ።»

«ሌሊት ይበርዳል» አለች በዛወርቅ።

«የት? እዚህ?»

«ወንድሜን ሌሊት ይበርደዋል።» ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደባትም።

ከላይ አንድ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን እያንዘረፈፈ ከዛፍ ዛፍ ዘለለ። መስታወት ቆም ብላ «እዩልኝ፣ ካባ ደርቦ! የኔታን አይመስልም?» አለች። ጥሩሸዋ «ተይ፣ በጫካ ውስጥ ኃጢአት አትናገሪ» ብላ ብትቆጣም ሣቋ አመለጣት። በዛወርቅም ሣቀች። ጥሩሸዋ በኋላ ዘመን ያን ሣቅ ደጋግማ ታስበዋለች፤ ጓደኛዋን እንዲያ ስትሥቅ ያየቻት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

ከዚያ ጉሙ መጣ። እንደ መንዝ ጉም ከላይ አልወረደም፤ ከሸለቆው ከሥር ተነሥቶ በዛፎቹ መካከል እየተሳበ ወጣ። በትንሽ ጊዜ ውስጥ ፊት ለፊት ያለው ግንድ ጠፋ።

«ተቀመጡ» አለች ጥሩሸዋ።

«አስቻለው ዝም ብላችሁ ሂዱ ብሎን አልነበር?» አለች በዛወርቅ።

«አስቻለው መኪና ነው የሚያውቀው፤ ገደል አያውቅም።»

«መንገዱ እኮ ይታያል፣ ጥሩዬ።»

«ከእግርሽ ሥር ያለው ይታያል። ከእግርሽ ወዲያስ? ትዕዛዙም እኮ እግሩ ሥር ያለውን እያየ ነው የሄደው።»

የትዕዛዙ ስም ከተነሣ ነገር አለቀ። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብለው፣ አንድ የዋርካ ያህል የሰፋ ዛፍ ሥሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ጓዳ ሠርቷልና እዚያ ተጠለሉ። ዝተቱን መሐላቸው አድርገው በሶ በጠበጡ። በመንዝ ጉም ቢቆይ ፀሐይ ሞቅ እስኪል ነው። ስለዚህ ፀሐይዋን ጠበቁ። ፀሐይዋ የለችም። መስታወት ወሬዋን ጨርሳ አንቀላፋች። በዛወርቅ ግን አላንቀላፋችም፤ እንደ ዶሮ አንገቷን አስግጋ ወደ መንገዱ ታዳምጥ ነበር።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው።

ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የወንድ ድምፅ ነው። ጥሩሸዋ የሰማችው «በዙ!» የሚለውን ብቻ ነው። በዛወርቅ አፏን ስትከፍት አየቻትና ዘልላ በእጇ ከደነችው።

«አንድ ነው!» አለቻት በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ ነው የጠራው። ቆይ!»

ድምፁ እንደገና መጣ፤ ትንሽ ቀረብ ብሎ። መስታወት ነቅታ ዓይኗን አፈጠጠች። ጥሩሸዋ በአንድ እጇ የበዛወርቅን አፍ እንደያዘች በሌላው ሁለት ጣቷን አሳየቻቸው። የበዛወርቅ ትንፋሽ የጥሩሸዋን መዳፍ አረጠበው። ሦስተኛውን ጠበቁ። ቅጠል ይንጠባጠባል። አንዲት ወፍ ጮኸች፣ ዝም አለች። ጠበቁ።

ሦስተኛው አልመጣም።

ጥሩሸዋ እጇን አነሣችና አማተበች። «ስላወጣኸን ተመስገን» አለች። በበዛወርቅ ከንፈር ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀርቶ ነበር።

ጉሙ ሲሳሳ ቀኑ ተጋምሶ ነበር፤ ዝናብም ማካፋት ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ተነሥተው ወረዱ። ከዛፉ ጥቂት እልፍ ሲሉ መንገዱ ይጠመዘዝና ጫካው ይወፍራል። እስከ ወንዙ ድረስ አንድም ገደል አልነበረም።

ወንዙን ሳያዩት ሰሙት። ከጫካው ሲወጡ ሰፊ፣ ቀይ፣ የተቆጣ ውኃ ነው። ዳሩን እየናደ ከነሣሩ ይጎርሳል፣ ግንድ እንደ ገለባ ያንከባልላል። ሦስቱም የሚያውቁት ወንዝ ገደል ሥር የሚሄድ፣ በግንቦት ደግሞ ድንጋዩን ረግጠው የሚሻገሩት ነው። አንድ ሰው ታንኳውን ወደ ላይ ጎትቶ ከሾላ ዛፍ ጋር እያሰረ ነበር።

«ወንድሜ፣ አሻግረን» አለች ጥሩሸዋ።

«ዛሬ የለም እናቴ። ውኃው መጣ፣ አይታይሽም?» አለ ሰውየው ገመዱን እያጠበቀ። ከዚያ ዞሮ ኩታቸውንና ተሸክመው ያመጡትን ዝተት አየ። እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። «ከወዴት ናችሁ?»

«ከመንዝ።»

«ማናችሁ ናችሁ የዱባለ እህት?»

በዛወርቅ ወደ ፊት ወጣች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ደጋግሞ ነቀነቀ።

«ጠዋት አሻገርኩት። እህቴን ልቀበል ነው አለ። ላይ አገር ዘንቧልና ቶሎ ተመለስ አልኩት። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ እናታቸው የለችም፤ እዚህ ማዶ ውኃ ቢይዘው ማን ያያቸዋል? ከትልቁ ዛፍ ወዲህ እስካለው የመንገዱ መጠምዘዣ ወጥቶ መጣ። ‹ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ የለችም› አለኝ። ትንሽ ጠብቅ፣ ደግመህ ጥራ አልኩት እኔ። ‹በእኛ አገር ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ፣ የለም ማለት ነው፤ አራተኛ አይጠራም› አለኝ። አሻገርኩት። የዛሬው የመጨረሻ ሰው እሱ ነው።»

«ሁለት ነው!» አለች መስታወት። «ሁለት ጊዜ ነው የሰማነው!»

«ይሄ ጫካ ድምፅ ይበላል» አለ ሰውየው። «አንዱን ከመጠምዘዣው ታች ሆኖ ጠርቶ ይሆናል፤ ከላይ ያለ አይሰማውም።»

ጥሩሸዋ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጠቀለለችው። ለምን እንዳደረገችው አታውቅም። በመንዝ አንዱ ከገደል ወዲህ፣ ሌላው ከገደል ማዶ ሆነው ስለ በግ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ መኖሩን ማንም አልነገራትም።

ከማዶ፣ ከሸንበቆው መካከል፣ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ውኃውን እያየ ነው። በዛወርቅ ነጠላዋን አውርዳ እያውለበለበች ወደ ዳሩ ሮጠች። ሰውየው ቀና አለ። ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

«ዱባለ! ዱባለዬ!» እያለች ጮኸች። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ እሱም ይጮሃል። የሚሰማው ግን ወንዙ ብቻ ነው። ፊቱ አይለይም፤ ጎበጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ ሰው እንደሆነ ብቻ ይታያል። ስትለየው ጢም አልነበረውም።

ዱባለ በምልክት ቆዩ አለና ጠፋ። ሲመለስ ልጆቹን ይዞ ነበር። አንደኛውን ከመሬት አንሥቶ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ አስቀመጠው። ሁለተኛዋን፣ ትንሿን፣ አነሣት። እሷን ብዙ ጊዜ ይዟት ቆየ፤ ክንዱ ሲደክመው እንኳ አላወረዳትም። በዛወርቅ ደግሞ የምታሳየው ነገር ብታጣ ዝተቱን ፈታች። ጥሩሸዋ አንዱን ጫፍ፣ መስታወት ሌላውን ጫፍ ይዘው ከወንዙ ዳር እንደ መጋረጃ ዘረጉት። ከማዶ ዱባለ አየውና በጉልበቱ ወደቀ፤ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ሰገደ።

እሑድንም እዚያው፣ በታንኳው ባለቤት ጎጆ፣ ውኃው ቢጎድል ብለው ዋሉ። ዱባለም ከማዶ ዋለ። ውኃው ጨመረ እንጂ አልጎደለም፤ ታንኳው ታስሮበት የነበረውን ሾላ እስከ ግንዱ ወገብ ዋጠው።

«መቼ ይጎድላል?» አለች ጥሩሸዋ።

«በጥቅምት።»

«ጥቅምት! ግንቦት እኮ ነው አሁን!»

«በእናንተ አገር ይሆናል እናቴ። እዚህ ክረምት ከገባ ቆይቷል።»

በዛወርቅ ይህን ሰምታ ዝተቱን አጣጠፈችና ለሰውየው ሰጠችው። «ውኃው ሲጎድል አሻግርልኝ» አለችው። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀብሎ «በልጆቼ እምላለሁ» አላት። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዳሩ ወርዳ ነጠላዋን አውለበለበች። ከማዶም አንድ ነገር ተውለበለበ፤ ሸሚዝ ይሁን ጨርቅ አልለየም።

ሰኞ ጠዋት ሽቅብ ወጡ። ትልቁ ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ ጉሙ እንደገና ከሥር ተነሣ። ጥሩሸዋ ተቀመጡ አላለችም። ቀድማ መንገዷን ቀጠለች። ዞር ስትል በዛወርቅ ከዛፉ ሥር ቆማለች።

«እትዬ ነው ያለኝ» አለች በዛወርቅ።

«ምን አልሽ?»

«‹እትዬ በዙ› ነው ያለኝ። ከእሱ በቀር እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ጋኔን እትዬ ይላል እንዴ?»

ጥሩሸዋ የዛፉን ሥር ይዛ ቆመች። «ድምፁን አውቀሽው ነበር?»

«የመጀመሪያውን ሲጠራኝ አወቅሁት።»

«ታዲያ እጄን ለምን አልነከስሽውም? ለምን ገፍተሽ አልጣልሽኝም፣ በዙ?»

በዛወርቅ አየቻት። በዓይኗ ቁጣ ቢኖር ለጥሩሸዋ ይቀልላት ነበር። «ሙሴያችን ነሽ» አለቻት። «ደግሞ ለእኔ ብለሽ እንደፈራሽ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ዞረች። ነጠላዋን አጣፋች፣ እጇን አፏ ላይ እንደ ጽዋ ገጥማ፣ በጉሙ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች።

«አቤት!»

ጫካው ዋጠው።

«አቤት ዱባለ! አቤት ወንድሜ!»

መስታወት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ጥሩሸዋ አብራት ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። በዛወርቅ ሦስተኛውን ጠርታ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ በልብሷ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና «እንሂድ፤ አስቻለው ይጠብቀናል» አለች።

በኅዳር መጨረሻ አስቻለው ሞላሌ መጣ። ዝተቱን ተሸክሞ ነበር የመጣው። የታንኳው ባለቤት ውኃው እንደጎደለ ተሻግሮ ነበር፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኘው። በክረምቱ መሐል ትንሿ ልጅ ታማ፣ ዱባለ ሁለቱንም ይዞ በወዲያ በኩል ወጥቷል አሉት ጎረቤቶቹ። ወደ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። አስቻለው በየገበያው ጠይቋል፤ ወደፊትም እጠይቃለሁ አለ። ዝተቱ የሰው አገር ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። በዛወርቅ አላጠበችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷው ትለብሰዋለች።

ጥሩሸዋ ከሙሴነቱ ልነሣ ብላ ማኅበሩን ለመነች፤ ማኅበርተኞቹ እምቢ አሉ። ከሁሉ አስቀድማ እምቢ ያለችው በዛወርቅ ናት። ይህም ሌላ ሸክም ሆነባት። ጽናት ወደ ወፍጮ ቤት ስትወጣ፣ ያ የቆየ ቃል ከምላሷ ጫፍ ይደርስና ይቆማል። ተይው እንዳትል ትዕዛዙ አለ፤ ያዢው እንዳትል ዱባለ አለ። «ምነው እማዬ፣ የረሳሽው ነገር አለ?» ትላታለች ልጅቷ። «የለም፤ በሰላም ግቢ» ትላለች።

በዚያው ዓመት፣ ከአስተርእዮ በኋላ፣ አንድ ቀን በቀትር ጉም ወረደ። ጥሩሸዋ በረቱ አጠገብ ኩበት ትለቅም ነበር። እንደ ወትሮዋ ባለችበት ቁጭ አለች። በግቢው አጥር በኩል የሴት ድምፅ «ጥሩ…» ሲል ጀመረ።

«አቤት!» አለች ጥሩሸዋ፤ ስሟ ተጠርቶ ሳያልቅ፣ ተነሥታ፣ ኩበቱን በትና።

በዛወርቅ ዝተቱን ተከናንባ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። አጥሩ ሥር ቆማ አየቻት።

«አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ አልጠራሁሽም እኮ።»

«ሰማሁሽ» አለች ጥሩሸዋ። «ሰማሁሽ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ልጠብቅ?»

በዛወርቅ የዝተቱን አንድ ጫፍ አንሥታ ጥሩሸዋን አለበሰቻትና፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ ሁለቱም መንገዱን በእግራቸው እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ።